በስድሳ ዓመት የሚከፈት መዝገብ



ባለፈው አንድ ዓመት ስለ እርጅና ሳነብ፣ ስጠይቅና ስጽፍ ቆይቻለሁ። ሥራው የተጀመረው ለአጥቢያ ሽማግሌዎችና ዲያቆናት ሥልጠና የሚሆን አጭር ጽሑፍ እንዳዘጋጅ በመጠየቄ ነው። አጭሩ ጽሑፍ አጭር ሆኖ አልቀረም። ከዘፍጥረት ጀምሬ አረጋውያን የሚነሡባቸውን ክፍሎች ሰበሰብኩ፤ በእርጅናቸው ስለ እርጅና የጻፉ የነገረ መለኮት ሰዎችን አነበብኩ፤ ከዚህ ሁሉ የሚበልጠውን ጊዜ ግን የወሰደው ከገርጂ እስከ ሰሚት፣ ከሲኤምሲ እስከ ቦሌ አራብሳ የአረጋውያንን በር ማንኳኳት ነው። ጽሑፉ አልቆ ለመሪዎች ተሰጥቷል። እዚህ የማቀርብላችሁ በስብሰባው ላይ ብዙም ያላነጋገረውን፣ በእኔ እምነት ግን የነገሩ ሁሉ ቁልፍ የሆነውን ነው።

ቁልፉ 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥9 ላይ ነው። ጳውሎስ በኤፌሶን ላለው ለጢሞቴዎስ ባልቴቶችን በመዝገብ እንዲጽፍ ሲያዝዘው የዕድሜ ገደብ ያበጅለታል። የምትጻፈው ከስድሳ ዓመት ያላነሰች ትሁን ይለዋል።

ስድሳ ዓመት ለእኛም እንግዳ ቁጥር አይደለም። በአገራችን መደበኛው የጡረታ ዕድሜ 60 ነው። የመንግሥት ሠራተኛው የጡረታ ሥርዓት በ1950ዎቹ በሕግ ቆመ፤ የግል ድርጅት ሠራተኛው የገባበት ደግሞ ገና በ2003 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 715 ነው። ጉልት ስትቸረችር ልጆች ያሳደገች እናት፣ ሰው ቤት ስትሠራ ያረጀች፣ ሲያርስ የኖረ አባት በዚህም በዚያም መዝገብ ውስጥ የሉም። እነርሱን ለጊዜው እንተዋቸውና መዝገብ ውስጥ የነበረውን ሰው እንመልከት። ስድሳ ሲሞላው ስሙ ከሥራ መዝገብ ይፋቃል። የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል፣ ኬክ ይቆረሳል፣ መታወቂያውን ይመልሳል። በኤፌሶን ቤተ ክርስቲያን ግን በዚሁ ዕድሜ ላይ ስም መጻፍ ይጀመራል።

መዝገቡ ለምን ነበር? ሊቃውንት ይለያያሉ። አንዳንዶቹ የርዳታ መዝገብ ነው ይላሉ፤ ቤተ ክርስቲያን የምትመግባቸው ሰዎች ዝርዝር። ሌሎቹ የአገልግሎት መዝገብ ነው ይላሉ። እኔ ሁለቱም ነው ባይ ነኝ። እንጀራ ለመስጠት ብቻ ከሆነ ይህ ሁሉ መስፈርት ምን ያደርጋል? ቁጥር 5 ሌትና ቀን በጸሎት የምትጸና ይላል። ቁጥር 10 ልጆችን በማሳደግ፣ እንግዳ በመቀበል፣ የቅዱሳንን እግር በማጠብ፣ የተጨነቁትን በመርዳት የተመሰከረላት ይላል። ይህ የሥራ ልምድ ማስረጃ ነው። ለተራበ ሰው እንጀራ ሲሰጥ የሥራ ልምድ አይጠየቅም። እንግዲህ ያቺ ባልቴት ትጦራለችም፣ ታገለግላለችም። አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

አሁን ወደ ራሳችን አጥቢያዎች እንምጣ። የሕፃናት መዝገብ አለን። የወጣቶች አለን። የመዘምራን አለን፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ ተብሎ እስኪከፈል ድረስ። የጥንዶች፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የነጋዴዎች ኅብረት አለን። ስድሳ ዓመት የሞላቸውን አባላት በስም፣ በስልክና በአድራሻ የያዘ መዝገብ ያለው አጥቢያ ግን ስንት ነው? በዚህ አንድ ዓመት የጠየቅኋቸው መሪዎች አብዛኞቹ ስንት አረጋውያን እንዳሏቸው በግምት እንጂ በቁጥር አይመልሱም ነበር። አንዱ ወንድም ከፊት ወንበር የሚቀመጡትን በጣቱ ቆጥሮ ነገረኝ። መምጣት ያቆሙት በዚህ አቆጣጠር አይገቡም።

ያለን ነገር ጋቢ ነው። በየዓመቱ መስከረም 21 የሚውለውን የአረጋውያን ቀን ተከትሎ፣ ወይም በፋሲካ ሰሞን፣ አዛውንቶችን ሰብስበን ጋቢ እናለብሳለን፣ ፎቶ እንነሣለን፣ ምርቃት ተቀብለን እንሸኛቸዋለን። ጋቢውን እየነቀፍኩ አይደለም፤ የአያትን የነሐሴ ብርድ የሚያውቅ ጋቢ አይንቅም። ግን ጋቢ ለብሳ የሄደችው እናት እስከሚቀጥለው ዓመት ማን ደወለላት? ምን ጠየቅናት? ስለ ምን እንድትጸልይልን ሰጠናት?

(‘ሽማግሌ’ የሚለው ቃል እንኳ ከእጃቸው ወጥቷል። በብዙ አጥቢያዎች ሽማግሌ ማለት የ35 ዓመት ሰው ነው። ሹመቱን አልቃወምም፤ ጢሞቴዎስም ወጣት ነበር። በዕድሜ ሽማግሌ የሆነው ሰው ግን የሽማግሌዎች ስብሰባ ላይ ሻይ እንኳ የማይጠጣ ከሆነ ቃሉ ምን ሊሆን ነው?)

የ1999 ዓ.ም. ሕዝብ ቆጠራ ሲደረግ ስድሳና ከዚያ በላይ የሆነው ኢትዮጵያዊ ከመቶ አምስት ገደማ ነበር። ጥቂት ይመስላል። ነገር ግን በ1980ዎቹ መጀመሪያ በአገራችን አማካይ የሕይወት ዘመን 50 ዓመት አይሞላም ነበር፤ ዛሬ ከ65 አልፏል። ከዚህ ለውጥ ትልቁ ድርሻ የሕፃናት ሞት መቀነሱ ነው፤ ያም ሆኖ ዛሬ የወጣቶች ጉባኤያችንን የሚሞሉት ልጆች እንደ አያቶቻቸው ቶሎ አይሞቱም። በብዛት ያረጃሉ። አሁን ያለን አጥቢያ ሊቀበላቸው የተሰናዳ አይደለም።

‘ጧሪ ቀባሪ’ የሚለውን አነጋገር ሁላችንም እናውቀዋለን። ጡረታም ጧሪም ‘ጦረ’ ከሚለው አንድ ግንድ የበቀሉ ናቸው። ቀባሪ በኩል ቤተ ክርስቲያንም ሰፈርም የታወቁ ናቸው። ሰው ሲሞት ድንኳኑ በሰዓታት ውስጥ ይተከላል፣ ወንበሩ ይደረደራል፣ እድሩ ገንዘቡን ይከፍላል፣ መዘምራን ይመጣሉ፣ እኛ መጋቢዎችም መጽሐፍ ቅዱሳችንን ይዘን እንገኛለን። ከመሐል ከተማ በልማት ተነሥተው ወደ ምሥራቁ ጫፍ የመጡ አረጋውያን ስለ አዲሱ ሰፈራቸው ሲነግሩኝ መጀመሪያ የሚያነሡት የተበተነውን እድራቸውን ነው። ሠላሳና አርባ ዓመት የከፈሉበት እድር ከጎረቤቱ ጋር ተበተነ። አንድ አባት ‘ማን ይቀብረኛል ብዬ አልሰጋም፣ መንግሥትም ቢሆን አያስቀረኝም፤ እኔን ያሰጋኝ ከዛሬ እስከዚያ ድረስ ያለው ነው’ አሉኝ። እንግዲህ የጎደለው የጧሪው ወገን ነው፤ እርሱ ድንኳን የለውም፣ ጥሩምባ የለውም፣ ቀኑም አይታወቅም።

ስለ ኮንዶሚኒየም ትንሽ ልበል፤ ይህን ካላነሣሁ የምሥራቅ አዲስ አበባን እርጅና ነገርኳችሁ ማለት አልችልም። በሰሚት፣ በአያት፣ በየካ አባዶ፣ በቦሌ አራብሳ ያሉት ሕንፃዎች አብዛኞቹ ከምድር በላይ አራት ፎቅ ያላቸው፣ ሊፍት የሌላቸው ናቸው። ዕጣው የወጣላት የ50 ዓመት እናት አራተኛ ፎቅ ሲደርሳት እልል ብላ ገባች። ቤት ነው፤ የራሷ ነው። ከዚያ ጉልበቷ መታመም ጀመረ። ውኃው ወደ ላይ በማይወጣበት ሳምንት ጀሪካኑን ማን ያወጣል? ሐኪም ቤት ለመሄድ ስንት ሰው ይጠራ? እሑድ አገልግሎት አልቆ ወደ ቤት ስትመለስ እያንዳንዱ ፎቅ ላይ ቆማ የምትተነፍስ እናት፣ ቀስ በቀስ እሑዱን ሁለት ሳምንት አንዴ፣ ቀጥሎ በወር አንዴ አደረገችው። ከዚያ ቀረች። ከጉባኤ መቅረቷን ማንም አላስተዋለም፤ በመዝገብ የለችማ።

በከተማችን በዚሁ በምሥራቁ ወገን ቢኒያም በለጠ የመሠረተው የመቄዶንያ ማዕከል ከጎዳና የተነሡ አረጋውያንንና የአእምሮ ሕሙማንን በሺዎች ይረዳል። ወጣቶቻችን በአውቶቡስ ተጭነው ይጎበኟቸዋል፣ ልብስ ያጥባሉ፣ ምግብ ያበላሉ። እግዚአብሔር ይባርካቸው፤ ይቀጥሉ። ግን አውቶቡሱ የሚያልፍባቸው ሕንፃዎች አራተኛ ፎቅ ላይ የራሳችን አጥቢያ እናት አለች፤ ስታጠምቀን፣ ስታስተምረን የኖረችውን ቤተ ክርስቲያን አንድ ዓመት ያላየች።

ማርቆስ 2፥3 ላይ ሽባውን የተሸከሙት አራት ነበሩ። በአንድ ሰፈር ያሉ አራት ወጣቶች ይህን ክፍል ካጠኑ በኋላ አንዲት እናትን በፕላስቲክ ወንበር አድርገው በወር አንድ እሑድ ከፎቅ ማውረድ ጀመሩ። ችግሩ የጉልበት አልነበረም። እናትዬዋ እሺ አላሉም። ሦስት ጊዜ እምቢ ብለው በአራተኛው እሺ ሲሉ ያሉት ‘እኔ እኮ ሰው የተሸከምኩ እንጂ ሰው የተሸከመኝ ሰው አይደለሁም’ ነው።

ይህ አንድ ዓመት ሙሉ በየቤቱ በተለያየ አነጋገር የሰማሁት ነገር ነው። ‘ሸክም አልሁን’። ‘ሰው ሳላስቸግር ጌታ በጊዜ ይውሰደኝ’። ጸሎት መስሎ ይነገራል፤ እኛም አሜን እንላለን። እኔ ይህ ጸሎት ደስ አይለኝም። በመንፈሳዊ ቋንቋ የተነገረ ኩራት ያለበት ይመስለኛል፤ በሌላ በኩል ደግሞ እኛ ወጣት በነበርንበት ጊዜ በመድረክ የሰበክነው የብርታት ወንጌል ውጤት ነው። መዝሙር 103ን አንሥተን ጉልበት እንደ ንስር ይታደሳል እንላለን፤ መክብብ 12ን ግን፣ የቤቱ ጠባቂዎች የሚንቀጠቀጡበትን፣ ፈጪዎቹ አንሰው ሥራ የሚፈቱበትን፣ በመስኮት የሚያዩት የሚፈዝዙበትን ምዕራፍ ለቀብር እንኳ አናነብበውም። ይስሐቅ ታወረ። የያዕቆብም ዓይኖች ከሽምግልና የተነሣ ከብደው ነበር። ነቢዩ አኪያ ማየት አይችልም ነበር፤ ያም ሆኖ የእግዚአብሔር ቃል ወደ እርሱ መጣ (1ኛ ነገሥት 14)። ንጉሥ ዳዊት ልብስ ቢደረብለትም አይሞቀውም ነበር። ከእነዚህ የማንም እርጅና የእምነት ጉድለት አልተባለም።

በዚህ ነገር ላይ ካነበብኳቸው የሁለት እንግሊዛውያን ጽሑፍ ይጠቅማል። ጄምስ ፓከር በ2014 እ.ኤ.አ. 87 ዓመት ሆኖት ስለ እርጅና አንድ ትንሽ መጽሐፍ አወጣ። ሐሳቡ ባጭሩ፣ አረጋዊ ክርስቲያን ሩጫውን በመጨረሻው ዙር ማቀዝቀዝ የለበትም፤ ጡረታ የመዝናኛ ዘመን ነው የሚለው የምዕራቡ ምክር ስሕተት ነው የሚል ነው። እውነት ነው፤ ግን በሙሉ ልብ ልቀበለው ያስቸግረኛል። አእምሮውም ጡረታውም ላለው ሰው የተጻፈ ይመስላል። ጉሊት ላይ እስከ 75 ዓመቷ ለተቀመጠች እናት ‘አታቀዝቅዢ’ ማለት ምን ማለት ነው? እርሷን ማሳረፍ ነው ወንጌሉ።

ጆን ስቶት ግን ልቤን ነካው። በ2006 እ.ኤ.አ. ወድቆ የዳሌ አጥንቱ ተሰብሮ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ዓለም ዞሮ ያስተማረ፣ ሕይወቱን በሙሉ በዲሲፕሊን የመራ ሰው፣ ወለል ላይ ወድቆ በሰው እጅ የሚነሣ ሆነ። ከአራት ዓመት በኋላ ባወጣው የመጨረሻ መጽሐፉ ስለ ደቀ መዝሙርነት ሲጽፍ በሌሎች ላይ መደገፍን ከደቀ መዝሙር መለያዎች እንደ አንዱ አድርጎ አንድ ምዕራፍ ሰጠው። ክርስቶስ ራሱ በሴት ጡት ያደገ፣ የታጠበ፣ የተሸከሙት ሕፃን ነበር፤ ሰው በሰው ላይ መደገፉ ክብሩን አይቀንስበትም የሚል ክርክር ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. በ90 ዓመቱ አረፈ። ለእኛ አገር አረጋውያን ከሁለቱ የቱን ልተርጉም ብባል ይህን ምዕራፍ ነው የምመርጠው።

ኢሳይያስ 46 ይህንኑ ይላል። ምዕራፉ የሚጀምረው በባቢሎን አማልክት ነው፤ በእንስሳት ላይ ተጭነው፣ እንስሳቱን አድክመው የሚሄዱ ጣዖታት። ቀጥሎ እግዚአብሔር ሕዝቡን ከማኅፀን ጀምሮ እስከ ሽበት ድረስ የሚሸከም እርሱ እንደ ሆነ ይናገራል። ጣዖት ይሸከሙታል፤ እግዚአብሔር ግን ይሸከማል። እንግዲህ በፕላስቲክ ወንበር ከፎቅ የወረዱት እናት የዚህን አምላክ ሥራ በአራት ልጆች ትከሻ ላይ አዩ። እንዲህ ብዬ ስነግራቸው ሳቁና ‘እንግዲህ ቀስ ብላችሁ አውርዱኝ’ አሉ።

አሁን ከኮንዶሚኒየሙ ወጥተን ወደ ቦሌ ግቢዎች እንግባ፤ እርጅና የድህነት ጉዳይ ብቻ የሚመስለው ካለ ይምጣ። ትልቅ ግቢ፣ ትልቅ ቤት። ዘበኛ አለ፣ የቤት ሠራተኛ አለች፣ ሳሎን ውስጥ ካሜራ አለ። ልጆቹ ዋሽንግተን፣ ዳላስና ለንደን ናቸው፤ ዶላሩ በወሩ አይዘገይም፤ እናትየው ምን እንደ በላች በስልክ በካሜራ ይታያል። በሳምንት ውስጥ እጇን የሚነካት ሰው ግን የለም። እነዚህን ልጆች መውቀስ ቀላል ነው፤ እኔ አልወቅስም። ሁለት ሥራ እየሠሩ ነው የሚልኩት፤ ብዙዎቹ ወረቀታቸው ባለማለቁ ቢፈልጉም መምጣት አይችሉም። ሲመጡም የእናታቸው ፍቅር ከዓይናቸው ይነበባል። ነገር ግን አጥቢያችን ‘እርሷማ ምን ጎደላት?’ ብሎ ያልፋታል። ጋቢ እንኳ አይደርሳትም።

ጌታ በማርቆስ 7፥9-13 የተናገረው እዚህ ጋ ይነሣል። አሥርቱ ትእዛዛት በሲና የተሰጡት ለጎልማሶች ነው፤ አባትና እናትህን አክብር የሚለው የሕፃናት ትምህርት ብቻ ሳይሆን የሸመገሉ ወላጆች ላሉት ሰው የተሰጠ ሕግ ነው። በጌታ ዘመን የነበሩ መምህራን ግን መውጫ ቀዳዳ አበጁ። ሰውዬው ለወላጆቹ የሚገባውን ‘ቁርባን ነው’ ካለ፣ ማለትም ለእግዚአብሔር የተሰጠ መባ ነው ካለ፣ ከግዴታው ነጻ ወጣ። (እዚህ ቦታ ቁርባን ማለት የጌታ እራት አይደለም፤ መባ ማለት ነው።) ጌታ ይህን የእግዚአብሔርን ቃል መሻር ብሎ ጠራው። በዘመናችን ቁርባን ምን ይመስላል? ለሕንፃ ማሠሪያ ቃል የገባው ገንዘብ ትልቅ ሆኖ ለእናቱ መድኃኒት የሚያዋጣው የሚያንስ ወንድም አለ። ‘አገልግሎት ላይ ነኝ’ እያለች በሳምንት አምስት ቀን ፕሮግራም የምትገኝ፣ አባቷን ግን ከፋሲካ ወዲህ ያላየች እህት አለች። እዚህ ላይ መሪዎች ዝም ማለት የለብንም፤ ሕንፃው ቢዘገይም ዝም ማለት የለብንም። 1ኛ ጢሞቴዎስ 5፥4 ልጆችና የልጅ ልጆች ለወላጆቻቸው ብድራት መመለስን አስቀድመው ይማሩ ይላል፤ ቁጥር 8 ደግሞ ይህን ያላደረገውን ከማያምን የከፋ ይለዋል። ጳውሎስ ከዚህ የከበደ ቃል የተጠቀመባቸው ቦታዎች ጥቂት ናቸው።

ወላጆችን ወደ አሜሪካ ስለ መውሰድ ደግሞ 2ኛ ሳሙኤል 19ን አንብቡ። ቤርዜሊ የ80 ዓመት ሰው ነው፤ ባለጠጋ ነው፤ ዳዊት በስደት ሳለ መግቦታል። ዳዊት ‘ከእኔ ጋር ወደ ኢየሩሳሌም ና፣ እኔ እጦርሃለሁ’ ይለዋል። ከልብ የመነጨ ግብዣ ነው። ቤርዜሊ ግን የምበላው አይጣፍጠኝም፣ የዘፋኞች ድምፅ አይሰማኝም፣ ለጌታዬ ለምን ሸክም እሆናለሁ፣ በከተማዬ በአባቴና በእናቴ መቃብር አጠገብ ልሙት ብሎ መለሰለት። በእርሱ ፈንታ ከመዓምን ላከ። ዳዊት አልተቆጣም፤ ሳመውና መርቆ ሸኘው። ልጆቻቸው ዘንድ ሄደው በሥራ ቀን የልጅ ልጅ ይዘው ቤት ተዘግቶባቸው የሚውሉ፣ ቋንቋው የማይገባቸው፣ በረዶው የሚያስፈራቸው እናቶች ሲመለሱ ያጫወቱኝን ሳስብ፣ ይህ ክፍል በውጭ አገር ባሉ አብያተ ክርስቲያናት ብዙ ቢሰበክ ደስ ይለኛል። የሚመቻቸውም አሉ። ቁም ነገሩ ቤርዜሊ መጠየቁ ነው። ዳዊት ጠየቀው እንጂ ቲኬት ቆርጦ አልጠበቀውም።

አንድ የሚያሳስበኝን ጉዳይ ባጭሩ ላንሣ። አረጋዊ ሰው ሲረሳ፣ ሲደጋግም፣ ልጁን ‘ማን ነህ?’ ሲል፣ ያልሰረቀውን ሰው ‘ሰረቅከኝ’ ሲል፣ ሰፈሩ ‘ጃጀ’ ይላል፤ አንዳንድ የጸሎት ቡድን ደግሞ መንፈስ ነው ብሎ ይጮኽበታል። በሕክምናው ዲሜንሺያ የሚባል የአንጎል በሽታ አለ፤ ከእነርሱ አንዱ የሆነውን ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር በ1906 እ.ኤ.አ. ለሙያ ጓደኞቹ አቀረበው፤ በስሙም ይጠራል። የመርሳት ምልክት ሁሉ ደግሞ አልዛይመር አይደለም። የቢ 12 ቫይታሚን እጥረት፣ የታይሮይድ ዕጢ መዛባት፣ ድብርት፣ የሚወሰድ መድኃኒት ራሱ ሊያመጣው ይችላል፤ እነዚህ የሚታከሙ ናቸው። ስለዚህ ጸልዩ፤ ሐኪም ዘንድም ውሰዱ። በሰማንያ ዓመት እናት ላይ ግን አትጩኹ። የልጆቻቸውን ስም የረሱ አንድ እናት ቤት ሄደን በወጣትነታቸው የሚያውቁትን መዝሙር ስንጀምር ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻው ቃሉን ሳይስቱ አብረውን ዘምረዋል። እርሳቸው ጌታን ያስታውሱ እንደ ሆነ አላውቅም፤ ጌታ ያስታውሳቸዋል።

አሁን ወደ መዝገቡ ልመለስ፤ የአገልግሎቱ ወገን ይቀረኛል። ዘኁልቍ 8፥24-26 ላይ ሌዋውያን በ50 ዓመታቸው ከከባዱ ሥራ እንዲወጡ ታዝዟል። (በዚህ ሒሳብ እኔም ጊዜዬን አልፌያለሁ።) ነገር ግን ወደ ቤታቸው አይሰናበቱም፤ በመገናኛው ድንኳን ከወንድሞቻቸው ጋር ሆነው ይጠብቃሉ፣ ያግዛሉ። ዕቃ መሸከሙ ቀረ፤ ጥበቃው አልቀረም። የመዝሙር 71 ጸሐፊም እስከ ሽበት አትተወኝ ብሎ የሚለምነው ለዕረፍት ብሎ አይደለም፤ የእግዚአብሔርን ብርታት ለሚመጣው ትውልድ እስኪናገር ድረስ ነው። የሚናገረው ነገር አለው። የሚሰማው ይፈልጋል።

የእኛ አረጋውያን ምን እንደ ያዙ እናውቃለን? በ1964 ዓ.ም. ነሐሴ የሙሉ ወንጌል አማኞች ለአምልኮ በተሰበሰቡበት ሲታሰሩ ከመካከላቸው ሃያ ዓመት ያልሞላቸው ነበሩ። ያ ወጣት ዛሬ ሰባውን አልፏል። በደርግ ዘመን ቄስ ጉዲና ቱምሳ በ1971 ዓ.ም. ሲገደሉ፣ አብያተ ክርስቲያናት ሲዘጉ፣ በሰው ሳሎን ውስጥ መጋረጃ ዘግተው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የዘመሩ፣ መጽሐፍ ቅዱስ በሊጥ ዕቃ ደብቀው ያሳለፉ እናቶች ዛሬ በገርጂና በኮተቤ ቤታቸው ተቀምጠው ቴሌቪዥን ያያሉ። ወጣቶቻችን ስለ ስደት ለመስማት የውጭ አገር ተናጋሪ ይጋብዛሉ። አንዲት እናትን ‘በዚያን ጊዜ እንዴት ነበር የምትገናኙት?’ ብዬ ስጠይቃቸው መጀመሪያ ዝም አሉ፤ ‘የጠየቀኝ የለም’ አሉና ሁለት ሰዓት አወሩኝ። ቡናው ቀዘቀዘ። በየወሩ ከእነዚህ ሰዎች አንዱን እንቀብራለን፤ የሕይወት ታሪኩ በድንኳኑ ውስጥ በአንድ ገጽ ይነበብና ያልቃል።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ቀላል ነው፤ አዲስ ሕንፃም አዲስ በጀትም አይፈልግም። እያንዳንዱ አጥቢያ ስድሳ ዓመት የሞላው አባል ሁሉ የሚጻፍበት መዝገብ ይክፈት። አንድ ደብተር ይበቃል። እኛ የሞከርነው አምስት ዓምድ አለው። የመጀመሪያው ስምና ስልክ። ሁለተኛው አድራሻ፣ ፎቁ ስንተኛ እንደ ሆነ ጭምር። ሦስተኛው ጧሪው ማን ነው፤ ልጅ ነው፣ የልጅ ልጅ ነው፣ ማንም የለም። ማንም የለም የሚል ሲገኝ ወደ ዲያቆናት ያልፋል፤ ልጅ እያለ ማንም የለም ከተባለ ደግሞ ወደ መጋቢው። አራተኛው በየሳምንቱ የሚደውል ወይም የሚሄድ አንድ ሰው ስም፤ ኮሚቴ አይጻፍበትም፣ ሰው ነው የሚጻፈው። አምስተኛው ይህ ሰው ለቤተ ክርስቲያን ምን ይሠራል የሚለው ነው። በዚህ ዓምድ የተጻፉትን ላሳያችሁ፦ ‘ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ስለምነቃ የታመሙትን ስም ስጡኝ’፤ ‘ሊጋቡ ያሰቡትን ልጆች ወደ እኔ ላኩ፣ 51 ዓመት በትዳር ኖሬአለሁ’፤ ‘ሒሳብ ሹም ነበርኩ፣ የደብተር ምርመራ እችላለሁ’፤ ‘አልጋ ላይ ነኝ፣ ግን ስልክ አነሣለሁ፤ የሚያለቅስ ሰው ይደውልልኝ’።

አምስተኛውን ዓምድ ባዶ አድርገው የሚመልሱ ጎብኚዎች ነበሩ። ምክንያታቸው ‘አዛውንቱ ደክመዋል፣ ማስቸገር ከበደን’ የሚል ነበር። ደብተሩን መልሰን ሰጠናቸው፤ ሄደው እንዲጠይቁ።